እማዬ፣ መስመሩን እንዳትዘጊ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም «ሃሎ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱን ስልኮች የሚተክለው፣ የሚጠግነው፣ ቁጥር የሚሰጠውና የሚነሳው እሱ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ሲል ይውላል። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ የባሏን መታመም በስልክ ሰምታ እንባዋን ስታፈስ አጠገቧ ቆሞ ኖሮ፣ ልክ ስትዘጋ «ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ተሰማሽ አይደል?» ብሏት ነበር አሉ። እሱ አላልኩም ይላል። እኔ ብሏል ባይ ነኝ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ሰው አጥፍቶ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ሃሎ ደግሞ እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ። ችግሩ የጆሮው ነው። ሰው ሲያወራ የሚሰማው ድምፁን እንጂ ነገሩን አይደለም። የሒሳብ መምህርት የሆነችው ባለቤቱ «አንተ እኮ እሳት ተነሳ ብዬ ብጮህ መጀመሪያ የምታጣራው ጩኸቱ መቆራረጥ አለመቆራረጡን ነው» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ያን ጊዜ ገና ያስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት የተግባር ፈተናው መጣበት። የድምፅ ኔትወርክ ባለሙያ የሚያሰኝ ሰርተፊኬት አለ፤ የጽሑፉን ክፍል ካለፈ ቆይቷል፣ የቀረው የእጅ ሥራው ነው። ይህኛው ፈተና «ሀ» ወይስ «ለ» እያሉ በግምት የሚወጡት አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ያስገቡህና ባዶ መሣሪያዎች፣ ዲዳ የሆኑ ስልኮችና ረጅም የሥራ ትእዛዝ ይሰጡሃል። ቀኑ ሲያልቅ ስልኮቹ ሁሉ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ተነጋገሩ፣ አለፍክ። አልተነጋገሩም፣ «ገብቶኝ ነበር እኮ» ብትል የሚሰማህ የለም።

ሃሎ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ገብቶ ወድቋል። ተመልሶ የመጣ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሚያጽናኑት መስሏቸው ከየጠረጴዛቸው «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም?» እያሉ ተቀባበሉት። አብሮ ሳቀ። ግን ሌላ ጊዜ ብወድቅ ሥራውን ትቼ እሄዳለሁ እንጂ ይህን ሳቅ ሁለተኛ አልሰማም ብሎ ለራሱ ማለ።

ስለዚህ የቤቱ ዕቃ ቤት ዕቃ ቤት መሆኑ ቀረ። የድሮ ፍራሽና የሕፃን ጋሪ ወደ ሰገነት ተባረሩ፤ በቦታቸው ከዚህም ከዚያም የተቃረሙ አሮጌ ራውተሮች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። ከዚያ የሚወጣው ኬብል በበሩ ሥር ሾልኮ በኮሪደሩ ጥግ ጥጉን እየተሳበ ሦስት ቦታ ይገባል፦ ሳሎን አንድ ስልክ፣ የባልና ሚስቱ መኝታ ቤት አንድ ስልክ፣ የእናቱ አልጋ ራስጌ አንድ ስልክ። ሚስቱና ልጁ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ሙከራውን አብራው የምትሠራው እናቱ ናት።

እናትየው ሥራዬ ብላ ያዘችው። ስልኩ ሲጮህ ፀጉሯን በእጇ ዳሰስ ታደርግና «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትላለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«የትኛው እኔ?»

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ። ከዕቃ ቤት።»

«ደህና ነህ ወይ ታዲያ? በላህ?»

አብረው ቁርስ ከበሉ ገና ሰዓት አልሞላም። ግን ልጇ በቀን ስንትና ስንት ጊዜ የሚደውልላት እናት ማን አለች? ከግድግዳ ወዲያ ሆኖም ቢሆን መደወል መደወል ነው። ለጎረቤቷ «ልጄን እያስጠናሁት ነው» ብላ አውርታለች፤ ፊደል የማትቆጥር ሴት።

አንድ ቀን ታዲያ ሆልድ አድርጓት፣ ማለትም እሷ መስመሩ ላይ ሙዚቃ እየሰማች እንድትጠብቅ አድርጎ እሱ ሌላ ስልክ ሲሞክር፣ ምድጃው ላይ የተጣደ ወተት ገነፈለባት። ስልኩን ዘግታ ሮጠች። ሃሎ ከዕቃ ቤቱ ዓይኑ ደም ለብሶ ወጣ።

«እማዬ! አንድ ነገር ነው እኮ የጠየቅኩሽ! መስመሩን እንዳትዘጊ አላልኩሽም? የግማሽ ቀን ሥራዬን ገደል ከተትሽው!»

እናትየው የወተት ጨርቋን እንደያዘች ቆማ አየችው። «አጠፋሁ ልጄ» አለች። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አልለመዳትምም። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ችግሩም ይኸው ሆነ።

የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ይህች ስትናገር ፈቃድ የምትጠይቅ የምትመስል ሴት አንዲት ታላቅ እህት አላት፤ ምድርና ሰማይ። አክስቱ ፊደል ቆጥራ፣ ከተማ ወጥታ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ላይ የሠራች ናት። «መንገደኞች! ቦርሳችሁን ያዙ፣ ልጆቻችሁን ቁጠሩ!» ስትል የተኛ መንገደኛ ይነቃል፤ የነቃውም ልጆቹን እውነትም ይቆጥራል። እናቱን ስድሳ ዓመት አልፏትም «ትንሿ» ነው የምትላት።

እህትማማቾቹን ያጣላቸው የሃሎ ሠርግ ነው። ዕድሜ ልኳን ማይክ ይዛ የኖረች ሴት አዳራሽ ውስጥ ማይክ አይታ መቼ ትችላለች? ተነሥታ ያዘችና «ትንሿ ልጇን ልትድር የመጣች እንዳይመስላችሁ! ሻንጣዋን አስራ ነው የመጣች፤ ከሙሽሮቹ ጋር አብራ ልትገባ ነው!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናትየውም በጥርሷ ሳቀች። ሰው ያላወቀው፣ ሻንጣው እውነትም ታስሯል። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ከምትኖር ከልጇ ጋር እንድትገባ ተነጋግረው ጨርሰው ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳያይ ልትገባ። እህቷ ሻንጣውን በሕዝብ ፊት ፈታችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመታት ቃል አልተለዋወጡም።

ፈተናው ሊደርስ ሲል አክስቱ ለሃሎ ደወለች። ድምፅዋ ይሻክራል፣ መሐል ላይ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ሃሎ መጀመሪያ ያሰበው መስመሩ ተበላሽቷል ብሎ ነው። ቁጥር ቀይራ እንድትደውል ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር።

«መስመሩ አይደለም አንተ ሞኝ» አለችው። «እኔው ነኝ። ማንቁርቴ ላይ ክፉ ነገር ወጥቷል። ዓርብ ጠዋት ያወጡልኛል። ሕይወቴ ይተርፋል፣ ድምፄ አይተርፍም። ትንሿን ሐሙስ ከሰዓት፣ በመጠየቂያው ሰዓት አምጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ብትመጣ በጥቅሻ ነው የምሰድባት።»

ለእናቱ ነገራት። እናትየው ጉልበቷን ስታሽ ቆየች።

«አሁኑኑ ልደውልልሽና አውሪያት?» አላት።

«በስልክ አልታረቅም» አለች። «ሽቦ ውስጥ ገብቼ ይቅር አልባባልም። ፊቷን እያየሁ ነው።»

«ምን ትያታለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ? እሷ ትናገር፣ እኔ እሰማለሁ። ድሮም እንደዚያው ነበርን።»

ሐሙስ ደረሰ። ሃሎ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ፤ ጠዋት ሙሉውን ፈተና እንደ እውነተኛው አድርጎ ሊለማመድ፣ ከሰዓት እናቱን ሊወስድ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ልትወጣ በሩ ላይ ዘወር አለችና «እባክህ የመጠየቂያው ሰዓት አጭር ነው። እማማን እንዳታስረፍዳት» አለችው። «ምን ነካሽ፣ አክስቴ እኮ ናት» አለ፣ እንደመከፋት ብሎ።

ጠዋቱ ጥሩ ሄደለት። ስልኮቹ አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ። ሥራ ትእዛዙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፦ ሆልድ የተደረገ ሰው ከተረሳ፣ ሆልድ ላደረገው ሰው ስልኩ ራሱ እየጮኸ እንዲያስታውሰው ማድረግ። አነስተኛ ነጥብ ናት የምታስገኘው። ፈተና ላይ የቆዩ ሰዎች እንዲህ ዓይነቷን ይዘሏታል፤ ትልልቁን ሠርተህ ጊዜ ከተረፈህ ትመለስባታለህ። ሃሎም ዘለላት።

ከምሳ በኋላ እናቱ ለባብሳ መጣች። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ።

«እንደርሳለን እማዬ፣ አንዲት ሙከራ ብቻ ቀረችኝ» አላት። «እስቲ ክፍልሽ ግቢና ስልኩን አንሺልኝ። ሙዚቃው ሲመጣ ጠብቂኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምመለሰው። እማዬ፣ ደግሞ መስመሩን እንዳትዘጊ።»

«ኧረ አልዘጋም» አለች።

ሆልድ አደረጋት፤ ሙዚቃው ሄደላት። እሱ ወደ ሳሎኑ ስልክ ደወለ። የሳሎኑ ስልክ ዝም። ዕቃ ቤትና ሳሎን መሐል ተመላለሰ፤ መሣሪያው ስልኩን አላውቀውም ይላል። ጠዋት እኮ ሠርቷል! ኬብሉን ቀየረ፣ አጥፍቶ አበራ፣ የጻፈውን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ያለፈው ጊዜ የወደቀው እንዲህ ባለችው ነገር ነበርና ላብ አጠመቀው። ከዕቃ ቤቱ በር በላይ ሰዓት ሰቅሏል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ለመሄድ ሰዓቱ መድረሱን አየ። እናቱ መስመር ላይ መሆኗንም በዚያች ቅጽበት ያውቅ ነበር። «አምስት ደቂቃ» አለ ለራሱ።

ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ረስቷት ነበር ቢባል ይሻለው ነበር። በኋላ መርሳቱ እውነት ነው፣ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ዓለሙን ሁሉ ረስቷል። ያቺን አንዲት ቅጽበት ግን አልረሳም ነበር። አይቶ ነው የቆየው።

ስህተቱን ሲያገኘው ቁጥር አዟዙሮ ጽፎ ኖሯል። አስተካከለው፤ ሳሎን ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሃሎ በደስታ እጁን አጨብጭቦ፣ ሙከራውን ሁሉ ለመዝጋት መሣሪያዎቹን አጥፍቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ቦታውን መቀየሩን አየ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

የእናቱን በር ከፈተው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ። የደከመውን ክንድ በሌላኛው እጇ ደግፋለች።

«ሙዚቃው አሁን ቆመ ልጄ» አለችው። «ልዝጋው?»

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። ታክሲው ውስጥ ሃሎ ሾፌሩን «ፍጠንልን፣ እባክህ ፍጠንልን» ሲል፣ እናትየው የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የጠያቂው ጎርፍ እየወጣ ነው፤ እነሱ ብቻ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ዘበኛው ክንዱን ዘረጋ። «አልቋል ጌታዬ። ነገ።» ለመነው፣ ተቆጣው፣ እንደገና ለመነው። ዘበኛው አዘነላቸውና ወደ ክፍሉ ደወለላቸው። ነርሷ ታማሚዋ የእንቅልፍ መርፌ ተወግታ መተኛቷን፣ ከእንግዲህ እስከ ነገው ቀዶ ጥገና የሚቀሰቅሳት እንደሌለ ነገረቻቸው።

ጅራፍ እራሱ ገርፎ እራሱ ይጮኻል ይባላል። ወደ ቤት ሲመለሱ ሃሎ በብስጭት «ቆይ፣ ለምን አላንኳኳሽም? በሩ እኮ ሁለት እርምጃ ነው! እማዬ መሄጃችን ደረሰ ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አላት።

እናትየው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። «ልክ ነህ» አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እንዳትዘጊ ስትለኝ ጊዜ... ደግሞ ሥራህን አበላሽብሃለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ያን ጊዜ ይቅርታ ሊላት ይገባ ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበረ። ግን አፍሮ ስለነበረ ተቆጣ፤ ተቆጥቶ ስለነበረ ዝም አለ። እሷ ጥፋቱን ስትሸከምለት እሱ እጁን ሰብስቦ አየ።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። አክስቲቱን ማየት የተፈቀደ ቀን ሄዱ። አንገቷ ተጠቅልሏል፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቱቦ አለ፤ አየር በዚያ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። ያች መናኸሪያ የምታንቀጠቅጥ ሴት ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ምንም አልወጣም። ነርሷ ነጭ ሰሌዳና እስክርቢቶ ሰጥታታለች። እናትየው ማንበብ ስለማትችል ሃሎ በመሐላቸው ቆመ።

አክስቱ ጻፈች። እናትየው «ምን አለች?» አለች።

«ለምን አልመጣሽም?» ብሎ አነበበ ሃሎ። ቃላቱ ከራሱ አፍ ሲወጡ ጆሮው ጋለበት።

እናትየው ቀና አለች። በሕይወቷ ሙሉ ዋሽታ አታውቅምና መዋሸቷ ያስታውቃል፤ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ «ትንሽ አሞኝ ነበር እትዬ» አለች። «ጉንፋን ቢጤ። አንቺ ላይ እንዳላጋባ ብዬ ነው።»

ሃሎ ሰሌዳውን ያዝ፣ ለቀቅ አደረገ። ተናገር አሁን፣ አለው ልቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ፈተና አለብኝ፣ ሐሳቤ ይበተናል፣ ከፈተናው በኋላ እነግራታለሁ፣ አለ መልሶ ለልቡ። አክስቱ እህቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግሞ እህቷን አየች። ከዚያ አንዲት ቃል ጻፈች።

«ምን አለች?»

«ገባኝ» አለ ሃሎ።

አክስቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የገባት ምን እንደሆነ ለሃሎ ግልጽ ነበር። ትንሿ ቂሟን እስከ መጨረሻዋ ቀን ይዛ ሆን ብላ መቅረቷ ነው የገባት። የእናቱን የዓመታት ጨዋነት በአንድ ከሰዓት አጠፋው፤ አሁን ደግሞ በዝምታው አተመበት።

ፈተናው ሌላ ከተማ ነበር። አውቶቡስ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ፈተናው ክፍል በር ላይ የአክስቱ «ገባኝ» ከዓይኑ አልጠፋም፤ ፊቱን አጠቆረው። ሰዎች የፈተና ፍርሃት መሰላቸው። ገብቶ የሥራ ትእዛዙን ሲገልጥ ያቺ ትንሿ ነገር አለች፦ የተረሳ ደዋይን ማስታወሻ። አነስተኛ ነጥብ ናት። ሃሎ ትልልቁን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ እሷን ሠራ። ፈታኙ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየው፤ እንዲህ ዓይነት አጀማመር አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ሠራት፣ ሞከራት፣ ደግሞ ሞከራት። ምን ይጠቅማል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ግን ዘሏት ማለፍ አልቻለም።

አለፈ።

መሥሪያ ቤቱ አጨበጨበለት። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከፎቅ ወርዶ ጨበጠው። «ሃሎ ተሰማ!» ብለው ቀለዱ፤ የጓጓለት ሳቅ ይህ ነበር፤ ሲመጣ ግን ጣዕም አጣበት። ቤት ሲገባ እናቱ ሰርተፊኬቱን ተቀብላ ገልብጣም ቀጥ አድርጋም አየችው፣ ሳመችው። ጎረቤቷን ጠርታ «ይኸውልሽ፣ እኔ ነኝ ያስጠናሁት» አለች። «ልፋቴ ከንቱ አልቀረም!»

ሃሎ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ውሃውን ከፍቶ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበውን በአንድ ጊዜ አወጣው። ሲወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ነው የምትሸሸው?» አለችው።

ነገራት። ሰዓቱን ቀና ብሎ ማየቱን ጨምሮ፣ «አምስት ደቂቃ» ማለቱን ጨምሮ። ሚስቱ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ለእኔ ምን ታወራልኛለህ?» አለችው በመጨረሻ። «እኔ ፈተናህን አላርምም። የምትነግራቸውን ታውቃቸዋለህ።»

በማግስቱ እናቱን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አክስቲቱ ከአልጋ ወርዳ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እናትየውን ስታይ በአንገቷ ሰላም አለቻት፤ ለሩቅ ጎረቤት የሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ። እናትየው አልጋው ላይ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች። ሃሎ ቆሞ ቀረ።

«አክስቴ» አለ። «ያን ቀን እማዬ አልታመመችም።»

«ተው እንጂ አንተ» አለች እናቱ ቶሎ ብላ።

«አልታመመችም። ለባብሳ ጨርሳ ነበር። ለሙከራ ስል መስመር ላይ አቆየኋትና ተውኳት። እንዳትዘጊ ብያት ነበር፣ አልዘጋችም። እጇ እስኪዝል ይዛ ጠበቀችኝ። እኔ... እኔ ሰዓቱን አይቼው ነበር። መሄጃችን መድረሱን አይቼ ነው የቆየሁት። መልሼም እሷው ላይ ጮህኩ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ። አክስቴ፣ ይቅር በይኝ።»

አክስቲቱ አየችው። ከዚያ ሰሌዳውን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ሲሞላባት በክርኗ ጠረገችና እንደገና ጀመረች።

«ምን አለች?» አለች እናቱ። «አንብብልኝ።»

ሃሎ አነበበ። «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈስኩም። ጉሮሮዬ ቶሎ ይደክም ስለነበር፣ ሐኪሙንም በእጄ ነው የመለስኩለት። ያለችኝን ድምፅ ለትንሿ ብዬ አስቀመጥኳት። ስጠብቅ መርፌውን ይዘው መጡ።»

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አክስቲቱ ጠረገችና ደግሞ ጻፈች። ሃሎ መጀመሪያ በዓይኑ አነበበው፤ ድምፁን አውጥቶ ሊለው አልደፈረም። አክስቱ በእስክርቢቶው ጀርባ ሰሌዳውን መታ መታ አደረገች። በል፣ ማለቷ ነው።

«ሠርጉ ላይ ያልኩሽ ቀልድ አልነበረም» ብሎ አነበበ። «ቅናት ነበር። እኔ ሻንጣዬን አስሬ የምገባበት ልጅ የለኝም። ይህን ልነግርሽ ነበር የጠራሁሽ። በራሴ አፍ።»

ሃሎ የሚናገረው ደረቅ፣ ጥርት ባለ፣ ሙከራ በለመደ ድምፁ ነበር። ቃላቱ ሁሉ በሥርዓት ወጡ፤ አንዱም አልጎደለም። ያች ሻካራ፣ ትልቅ፣ የምትስቅ፣ የምትሳደብ ሴት ግን አንዷም ቃል ውስጥ አልነበረችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሰማ።

እናቱ ተነሣች። ወደ እህቷ ሄዳ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ ለልጇ፣ በሕይወቱ ከእሷ ሰምቶት በማያውቀው አነጋገር «ውጣ» አለችው።

«እማዬ፣ የምትጽፈውን ማን ሊያነብልሽ ነው?»

«በአንተ አፍ እህቴን አልሰማም። ውጣልን።»

ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሩ ስስ ነው። የእናቱ ድምፅ ይሰማል፦ «ታስታውሻለሽ እትዬ...» ትላለች፣ አንድ ነገር ታወራለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትቆማለች። እህቷ የምትመልስበትን ጊዜ ትሰጣታለች። ምንም አይሰማም። ከዚያ ደግሞ እናቱ ትቀጥላለች፣ ደግሞ ትቆማለች።

ሃሎ እንዲህ ያለውን መስመር ያውቀዋል። ከወዲህ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደዚህ አይመጣም። ስንት ቢሮ ውስጥ፣ ስንት ጊዜ፣ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ጠግኖ ሄዷል። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ እናቱ በቆመች ቁጥር ሁለተኛውን ድምፅ መጠበቁን መተው አቃተው።